የቤት ጓዝ፣ የስልክ ጓዝ

ከሚሴ ውስጥ እንግዳ ሳሎን ገብቶ ሲቀመጥ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቡፌው ላይ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ጠርዛቸው የወርቅ ቀለም የተቀባ ብርጭቆዎች፣ አበባ የታተመባቸው ሰሃኖች፣ ከካርቶናቸው ያልወጡ ፔርሙዞች በረድፍ ተቀምጠዋል። ከቡፌው አናት ላይ ደግሞ በላስቲክ እንደተጠቀለለ የቀረ ወፍራም ብርድ ልብስ አለ። ከሚሴ ሙቀት የሚጫናት ከተማ ናት፤ ያን የመሰለ ብርድ ልብስ የሚያስለብስ ብርድ የላትም። ቡናውም ቢሆን የሚቀርበው በቡፌው ሲኒ አይደለም፤ ጓዳ ባለው፣ በየቀኑ በሚታጠበው ነው።

የዕቃዎቹን አመጣጥ የሚያውቅ ሰው ግን “ይህ ሁሉ ምን ያደርግላችኋል?” ብሎ ለመጠየቅ አይቸኩልም። ከወሎ፣ በተለይም ከከሚሴ፣ ከባቲና ከአካባቢው ገጠሮች ብዙ ወጣቶች ለዓመታት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ለሥራ ሲሄዱ ኖረዋል። አብዛኞቹ ሴቶች የተቀጠሩት በሰው ቤት ሠራተኝነት ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ፣ የስንት ዓመት ድካማቸውን እዚያው ጥለው አንዲት ሻንጣ አንጠልጥለው ቦሌ የወረዱ ብዙ ነበሩ። እናት ከዚያ የተላከላትን ያን ብርድ ልብስ ስታይ የምታየው ልጇን ነው። ስለዚህ ቤትን ከትርፍ ዕቃ ስለማጽዳት የሚጻፍ ማንኛውም ምክር፣ እዚህ ሲደርስ ከዚህ ቡፌ ጋር ሳይነጋገር አያልፍም።

ምክሩ ከሌላ ዓለም የመጣ መሆኑም አይካድም። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ ቤትን ስለማደራጀት የጻፈችው መጽሐፍ በአገሯ እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ ገኖ ወጣ፤ በ2014 በእንግሊዝኛ ሲታተም ዓለምን አዳረሰ፤ በ2019 ደግሞ ኔትፍሊክስ ላይ ተከታታይ ፊልም ሆነ። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ ዕቃውን አንድ በአንድ በእጅ ያዝ፣ ደስታ የማይሰጥህን አመስግነህ አሰናብት። ሴትዮዋ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ በ2023 ለአሜሪካ ጋዜጣ ቤቷን እንደ ድሮው ማደራጀት መተዋን ተናግራ ብዙዎችን አስፈግጋለች። ልጅ ያሳደገ ሰው ይረዳታል።

ምክሩ የተወለደበት ቤትና የከሚሴ ቤት ግን አይመሳሰሉም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ 32 መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ ሄደው አጥንተው ነበር። ከአራት ቤተሰብ ሦስቱ ጋራዡን በዕቃ ከመሙላቱ የተነሳ መኪናውን ማስገባት አይችልም ነበር። ከዚያው ጥናት በወጣ ሌላ ሥራ፣ ስለ ቤታቸው ሲናገሩ መዝረክረኩንና ያላለቀ ሥራውን የሚያነሱ እናቶች፣ ኮርቲሶል የሚባለው ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ሆርሞን በሰውነታቸው ውስጥ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እንደሚገባው እንደማይቀንስ ታይቷል። በአባቶች ላይ ይህን ያህል አልታየም። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለከሚሴም ለሎስ አንጀለስም ሳትሠራ አትቀርም፤ የዕቃው መከመር የሚያስጨንቀው አቧራውን የሚያራግፈውን ሰው ነው።

እዚህ አገር ዕቃ የሚቀመጠው በሌላ ምክንያት ነው። ባዶ ጀሪካን ነገ ውኃ ሲጠፋ ያስፈልጋል። ማዳበሪያው እህል ይያዝበታል። የተሰበረው ወንበር አናጢ ሲመጣ ይሠራል። አሮጌው ቆርቆሮ የፍየል ጉረኖ ይሆናል። ዋጋው በየወሩ በሚጨምርበት ገበያ ውስጥ ለኖረ ሰው፣ ዛሬ የጣለውን ነገ በእጥፍ እንደሚገዛ ማሰቡ ስግብግብነት ተብሎ አይወቀስበትም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ የሰው ልጅ የእጁን ዕቃ ከሚገባው በላይ ያከብራል። ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ክኔችና ሪቻርድ ታለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ሙከራ ይህን በአንድ ኩባያ አሳይቷል። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለግማሾቹ ኩባያ በነፃ ሰጧቸውና ለቀሩት እንዲሸጡላቸው ጠየቋቸው። ኩባያው የደረሳቸው ተማሪዎች የጠየቁት ዋጋ፣ ያልደረሳቸው ሊከፍሉ ከፈቀዱት እጥፍ ገደማ ሆነ። ኩባያው ያው ነው፤ በእጃቸው ከቆየም ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ሃያ ዓመት ጓዳ የተቀመጠ የተሸረፈ ድስትማ እንዴት ይታሰብ!

ታዲያ የአካባቢው ሰው ጓዝ የሚያቃልልበት መንገድ የለውም ማለት አይደለም። አለው፤ እንዲያውም ቀን የተቆረጠለት ነው። ከሚሴና ባቲ የሚገኙበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነዋሪ እጅግ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ምንጣፍ ይወጣል፣ ይራገፋል፣ ይታጠባል፤ ማጀት ተገልብጦ ይጠረጋል። ለኢድና ለዓረፋ ግድግዳ ቀለም የሚቀባም አለ። ክርስቲያኑ ጎረቤት ደግሞ ጳጉሜን ሲገባ ያንኑ ያደርጋል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ “ይሄ የማን ነው? ማን ይለብሰዋል?” የሚለው በእነዚህ ቀናት ነው።

ከዚህም ጠለቅ ያለ የሒሳብ ልማድ አለ። ዘካ የሚወጣው አንድ ሰው ከመነሻው መጠን በላይ የሆነ ሀብት ይዞ አንድ የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ነው፤ ለወርቅ መነሻው 85 ግራም ሲሆን፣ ከወርቅ፣ ከጥሬ ገንዘብና ከንግድ ዕቃ 2.5 ከመቶ ይወጣል። በዕለት ኑሮ የሚገለገሉበት የቤት ዕቃና ልብስ ዘካ አይመለከተውም፤ ሴት በምታጌጥበት ወርቅ ላይ ዓሊሞች ይለያያሉ። ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገሩ ቁጥሩ አይደለም። ሰውየው ዘካውን ለማውጣት ሱቁን ከፍቶ፣ መጋዘኑን አገላብጦ፣ ያለውን ሁሉ መቁጠር አለበት። በዓመት አንድ ጊዜ ንብረቱን አንድ በአንድ የሚቆጥር ነጋዴ፣ ከጀርባ መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓመት የተረሳ ካርቶን ሊኖረው አይችልም። መኖሪያ ቤቱንም እንደ ሱቁ ቢያየው ግማሹ ሥራ አለቀለት።

ከቤት የሚወጣው ዕቃም የሚሄድበት አያጣም። ልጁ ያደገበት ልብስ መጀመሪያ ወደ ታናሽ፣ ከዚያ ወደ ገጠር ዘመድ፣ ከዚያ በሰደቃ ወደማይታወቅ ሰው ይሄዳል። ለዚያ ያልበቃውን በከተሞች ልዋጭ ይወስደዋል፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳፋ ወይም ባልዲ ይሰጣል። ብረቱን፣ ቆርቆሮውንና ጠርሙሱን ቆራሌው ይገዛል። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ሰፈር በዚሁ ንግድ ነው የሚታወቀው፤ የዘይት በርሜል እዚያ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። በዞኑ ውስጥም ከጥንት ጀምሮ ትልልቅ ገበያዎች አሉ። የባቲ ገበያ ሰኞ፣ የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይቆማል፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ግመሉን፣ ጨውን፣ እህሉንና ሸማውን ይዞ ይገናኛል። እዚያ ያገለገለ ጀሪካንም ገዢ አያጣም።

መላው ግን የሚሠራው ዕቃው ገና ዕድሜ ሳለው ከተላለፈ ነው። ዋናው የጓዳ ችግር ይህ ይመስላል። “ይቆይ፣ ለሰው ይሰጣል” ተብሎ አምስት ዓመት ማዳበሪያ ውስጥ የታሸገ የልጅ ልብስ፣ ሲወጣ ብል በልቶታል፤ ያን ጊዜ ለሰደቃ መስጠቱም ያሳፍራል። ጫማውም ሶሉ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ደግሞ ለማንም አይሰጥም። ከሕመም የተረፈ የአንቲባዮቲክ ፍሬ ለጎረቤት ማዋስ የተለመደ ደግነት ቢሆንም፣ በግማሽ የተወሰደ መድኃኒት ተህዋሲያኑን ያላምዳል፤ ተገቢው ቦታው ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ነው፤ እዚያ ተጠይቆ ይወገዳል። ስለዚህ ጓዳ ሲጸዳ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ “እፈልገዋለሁ ወይ?” ባይሆን ይሻላል፤ ለዚህ ጥያቄ የሁሉም ሰው መልስ “አዎ” ነው። “ዛሬ ቢሰጥ ማን ይጠቀምበታል?” የሚለው ስም ያስጠራል፤ ስም ከተጠራ ዕቃው መንገድ ጀመረ ማለት ነው።

የቡፌውስ ነገር? ብርጭቆው ይቆይ፤ ስሜት የያዘውን ዕቃ በመጀመሪያው ቀን መንካት ቤተሰብ ያጣላል። ብርድ ልብሱ ግን ደጋ ላለ ዘመድ ቢላክ ልጅቷ ቅር የሚላት አይመስልም። ደሴና ወገል ጤና ብርድ ሞልቷል።

ከጓዳ ይልቅ አስቸኳይ የሆነው ግቢው ነው፤ ይህንንም ከሚሴና ባቲ ከሌላው አገር በተለየ ሊያዳምጡት ይገባል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ አለች። የትውልድ አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር ነው። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ታየች። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ባሉ ከተሞች እየዞሩ ሲፈልጓት፣ ካገኙባቸው ከተሞች አንዷ ባቲ ሆነች። ሰመራ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎና ድሬዳዋም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ይህቺን ትንኝ አደገኛ የሚያደርጋት አመሏ ነው። የለመድናት የወባ ትንኝ ረግረግና ኩሬ ትፈልጋለች፤ ዝናብ ሲያቆም ትቀንሳለች። ይህቺኛዋ የከተማ ናት። እንቁላሏን በርሜል፣ ሮቶ፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ የተጣለ ጎማና ውኃ የቋጠረ ጣሳ ውስጥ ትጥላለች፤ ሰው በበጋ ውኃ ስለሚያጠራቅም በበጋም ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ በደረቅ ወቅት የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ያጠኑ ባለሙያዎች፣ ሕሙማኑ በሚኖሩበት አካባቢ ያገኙት በዋናነት እሷን ነው። ስለዚህ “አንድ ቀን ይጠቅማል” ተብሎ በግቢው ጥግ የተከመረው ጎማና የተቀደደ ሳፋ፣ በዚህ ዞን የሥርዓት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የጤና ጉዳይ ሆኗል። እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል። የውኃ ማጠራቀሚያን በሳምንት አንድ ቀን ደፍቶ፣ ውስጡን ፈትጎ፣ በደንብ መክደን ዑደቱን ይቆርጠዋል፤ የማይከደነውንና የማይፈለገውን ደግሞ ለቆራሌው መሸጥ።

የሚጣለውን የትም መጣልም አያዋጣም። ቦርከና ወንዝ ከኩታበር ተነስቶ፣ የደሴንና የኮምቦልቻን ፍሳሽና ቆሻሻ ተሸክሞ፣ የጨፋን ረግረግ አቋርጦ በከሚሴ አጠገብ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጨፋ ደግሞ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚሰፍርበት ግጦሽ ነው። ላይ የተጣለ ፌስታል ታች ላም ሆድ ውስጥ ይገኛል። ፌስታልን በተመለከተ አገሪቱ ራሷ ወስናለች፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ተከልክሏል። ከጓዳ በር ጀርባ፣ ፌስታል ውስጥ ፌስታል የታጨቀበትን ያን የታወቀ ፌስታል ማጠራቀም ከእንግዲህ ብዙ አይጠቅምም፤ ዘንቢል ይመለስ።

እስካሁን የተወራው ሊወጣ ስለሚገባው ነው። የዚህ አካባቢ ሰው ከሌላው በተሻለ የሚያውቀው ግን ሊወጣ ስለማይገባው ነው፤ ያወቀውም በክፉ ቀን ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬ፣ በጅሌ ጥሙጋና በአካባቢው በተነሳው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደረሰ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ምርጫ አልነበረውም፤ ልጅ ያቀፈ እጅ ሌላ ነገር አይሸከምም። ተመልሶ ሲገባ ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እግሩን ያቀጠነው የወረቀት ጉዳይ ነበር። የመሬት ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተር። ሶፋ ይገዛል። የስምንተኛ ክፍል ካርድ ግን መዝገቡ የነበረበት ትምህርት ቤትም ከተዘረፈ ከየት ይመጣል?

በአብዛኛው ቤት እነዚህ ወረቀቶች ያሉት ተበታትነው ነው፤ ገሚሱ ፍራሽ ሥር፣ ገሚሱ ቁርአን ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ፣ ገሚሱ አባት ቁልፉን በያዘው ሳጥን ውስጥ። ከመካከላቸውም የተከፈለ የመብራት ደረሰኝ፣ የድሮ ሎተሪና የሠርግ ጥሪ ካርድ ይቀላቀላል። አዲስ ጅምር የሚፈልግ ቤተሰብ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ቢኖረው በዚህ ላይ ቢያውለው የሚያስቆጭ አይሆንም። ዋናዎቹ ሰነዶች ውኃ በማያስገባ አንድ ከረጢት፣ በአንድ የታወቀ ቦታ ይሁኑ፤ ቦታውን ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው። ፎቶ ኮፒያቸው በሌላ ከተማ ባለ ታማኝ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ፋይዳ ቁጥር የወሰዱም ቁጥሩን ከወረቀቶቹ ጋር ይጻፉት፤ ባንክ ቤትም ሆነ ሌላ አገልግሎት ጋ እየተፈለገ የመጣው እሱ ነው።

ሰነዱ ፎቶ ተነስቶ ስልክ ውስጥም መግባቱ ጥሩ ነው። ግን የትኛው ስልክ ውስጥ? “ቦታ የለም” ብሎ አዲስ ፎቶ አላነሳም ያለው ስልክ ውስጥ?

የስልክ ጓዝ ከቤቱ ጓዝ በአንድ ነገር ይለያል፤ ልዋጭም ቆራሌም አይወስደውም። ለድሃ ዘመድም አይሰጥም። ስለዚህ የገባው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። በየሳምንቱ ዓርብ ጠዋት ጽጌረዳና መስጊድ የተሳለበት “ጁምዓ ሙባረክ” ከሃያ ሰው ይደርሳል፤ አስራ አምስቱ አንድ ዓይነት ምስል ነው። ለእንቁጣጣሽና ለገናም እንዲሁ። የእድር ግሩፕ፣ የትምህርት ቤት ግሩፕ፣ የድሮ የክፍል ጓደኞች ግሩፕ፣ ማን እንዳስገባው የማይታወቅ የንግድ ቻናል፤ ሁሉም ፎቶና ቪዲዮ ይልካል፣ ስልኩም ሳይጠየቅ ያወርዳል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ የክፍያ ስክሪንሻት ተጨመረበት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለተገዛ ሽንኩርት የተላከ 150 ብር ማረጋገጫ ዛሬም ከልጅ ፎቶ አጠገብ ተቀምጧል።

ይህ የቦታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ሚሞሪ ተገዝቶ ያልቅ ነበር። ዋናው ወጪ ትኩረት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ፕሮፌሰር ሆና የሠራችው ግሎሪያ ማርክ፣ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ በአንድ ገጽ ላይ ሳያቋርጡ የሚቆዩበትን ጊዜ ለዓመታት ስትለካ ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ልኬቷ አማካዩ 47 ሰከንድ ሆኗል። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እያለ ስልኩ ጢን ባለ ቁጥር አንገቱን የሚደፋ ባለሱቅ ፕሮፌሰሯን ባያውቃትም ቁጥሯን ያውቀዋል።

ማጽዳቱ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። መጀመሪያ ምንጩን መዝጋት ይሻላል፤ ቧንቧው እየፈሰሰ ወለል አይወለወልም። ቴሌግራምም ዋትስአፕም “ሴቲንግ” ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሳቸው እንዳይወርዱ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። እሱን ማጥፋት የሞባይል ዳታም ይቆጥባል። ከዚያ የማይጠቅሙ ቻናሎችን መልቀቅ፤ ለመልቀቅ ይሉኝታ የሚይዝባቸውን፣ ለምሳሌ የዘመድ ግሩፑን፣ ድምፁን ማጥፋት። ከእድር ግሩፕ ወጥቶ የቀብር ጥሪ ያመለጠው ሰው ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፤ ድምፅ ማጥፋትን ግን ማንም አያይም።

ቀጥሎ ቦታ ማስለቀቅ። ሁለቱ መተግበሪያዎች እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ ይህንን አለማወቅ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ቴሌግራም የተላኩትንና የደረሱትን ፋይሎች በራሱ ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል። “ስቶሬጅ ዩሴጅ” ገብቶ የተጠራቀመውን ማጽዳት ስልኩን ያቀልለዋል እንጂ ከተለመደው ንግግር ውስጥ ፎቶውን አያጠፋም፤ ሲፈለግ እንደገና ይወርዳል። ዋትስአፕ ግን ፋይሉን የሚያኖረው ስልኩ ላይ ነው፤ ከስልክ የተሰረዘ ቪዲዮ ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ ሄደ ማለት ነው። ጉግል ፎቶም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ወዲህ እንደልብ በነፃ መቆለል ቀርቷል፤ ለፎቶ፣ ለኢሜይልና ለሌላው ፋይል ሁሉ በጋራ የተፈቀደው 15 ጊጋባይት ነው።

በዚህ አካባቢ በኢንተርኔት ላይ ብቻ መታመንም አይገባም። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ሰነዴ “ኦንላይን ላይ አለ” ያለ ሰው ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ከጠፋበት አልተለየም። ስለዚህ የሰነዶቹ ፎቶና የቤተሰቡ ዋና ዋና ምስሎች በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ተገልብጠው ቢያንስ ሁለት ቦታ ይቀመጡ።

ከዚህ ሁሉ መካከል በቀላሉ የሚረሳው ድምፅ ነው። ከጂዳና ከቤይሩት ልጅ ለእናቷ የምትልከው ብዙውን ጊዜ ጽሑፍ አይደለም፤ የድምፅ መልእክት ነው። እናት ማንበብ ላትችል ትችላለች፤ የልጇን ድምፅ ግን ደጋግማ ትሰማለች። አያት ለልጅ ልጅ የላኩት ዱዓም አለ። ስልክ ሲበላሽ፣ ሲሰረቅ ወይም “ፎርማት” ሲደረግ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው፤ ፋይላቸው ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። አምስት መቶ የበዓል ምስል ከመሰረዝ በፊት፣ አስሩን የማይተኩ ድምፆች መርጦ፣ የተናጋሪውን ስምና ዓመቱን ጽፎ ሚሞሪ ላይ ማስቀመጥ ይቀድማል። ይህ ለወጣቶቹ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ እናቶች የትኛው እንደሚቀመጥ ይናገሩ፣ ልጆች ይገልብጡ።

መሰረዝ ያለባቸውም አሉ፤ ለቦታ ሲባል ሳይሆን ለደኅንነት። ለደላላ ወይም ለማይታወቅ ሰው የተላከ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ፣ በማስታወሻ የተጻፈ የቴሌብር ወይም የባንክ ምሥጢር ቁጥር፣ የሌላ ሰው የግል ምስል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ አዋጁ ግን በራስ ስልክ ውስጥ ተዝረክርኮ የተቀመጠውን አይሰበስብም።

በመጨረሻ መሳቢያ ውስጥ የተኙት የሞቱ ስልኮችና ቻርጀሮች ይቀራሉ። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንደተፈጠረና በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 22.3 ከመቶ ብቻ እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ያወጡት ሪፖርት ያሳያል። ያበጠ ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይቃጠልም፤ ይፈነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። የሚሠሩትን ቻርጀሮች ለይቶ የቀረውን ለሞባይል ጠጋኝ መስጠት ይቻላል፤ ጠጋኞች ከሞተው ስልክ የሚፈቱት ዕቃ አያጡም።

የሚሸጥ ወይም ለዘመድ የሚሰጥ ስልክ ካለ ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ሲም ካርዱና ሚሞሪው ይውጣ፤ የሚፈለገው ይገልበጥ፤ ከጉግል አካውንት ይወጣ፤ ከዚያ ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመለስ። አካውንቱ ሳይወጣ ከተመለሰ አዲሱ ባለቤት ሲከፍተው የቀድሞውን ሰው የይለፍ ቃል ሊጠይቀው፣ ስልኩም ሊቆለፍበት ይችላል። ቴሌብር የተያያዘው ከቀፎው ጋር ሳይሆን ከስልክ ቁጥሩ ጋር ነው፤ ስለዚህ ቀፎ ሲቀየር ገንዘቡ አይጠፋም፣ ቁጥር ሲቀየር ግን መጀመሪያ ሒሳቡን ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ራሱ ማድረግ የማይችል ሰው ስልኩን ሞባይል ቤት ትቶ አይሂድ፤ የሚያምነውን የቤተሰቡን ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ያሠራ።